ሌንስ ከመግዛትዎ በፊት ሳሎንዎን ይለኩ

ባለፈው እንቁጣጣሽ ደብረ ብርሃን እናቴ ቤት ነበርን። እናቴ 88 ዓመቷ ነው። ጋቢዋን ተከናንባ መደቧ ላይ ተቀምጣለች። ሁለት ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት የልጅ ልጄ ደግሞ ጭኗ ላይ ሆና የአደይ አበባውን ቅጠል አንድ በአንድ እየነቀለች ቅድመ አያቷ መዳፍ ላይ ታስቀምጣለች። እናቴም «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለች ትቆጥርላታለች። ከትንሿ መስኮት የሚገባው ብርሃን ሁለቱም ፊት ላይ አርፏል።

ካሜራዬን አነሳሁ። የታየኝ የእናቴ ፊት ብቻ ነው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ፤ የልጅቷ ፊት በግማሽ ገባ። ሌላ እርምጃ ልጨምር ስል ጀርባዬ ከጎታው ጋር ተጋጨ። መዳፉም አበባውም ከፎቶው ውጪ ናቸው። ቦርሳዬን ከፍቼ ሌንስ እስክቀይር ልጅቷ ከጭኗ ወርዳ ዶሮ ተከትላ ወጣች። ያ ፎቶ የለኝም።

ያነሳሁትን በካሜራው ጀርባ ሳሳያት እናቴ አየት አድርጋ፣ «ይሄ ለመታወቂያ ነው እንዴ?» አለችኝ። ስቀን አለፍነው። እኔ ግን አዲስ አበባ እስክገባ ድረስ መንገዱን ሙሉ ሳስበው ነበር። ካሜራው ደህና ነው፤ ሌንሱም ጥሩ ሌንስ ነው። ያልተስማማው ከእናቴ ቤት ጋር ነው።

34 ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። አዳዲስ ነርሶች ሲመጡልን ቶሎ ከምናስተምራቸው ነገሮች አንዱ የካኑላ ቁጥር የሚመረጠው በታካሚው ደም ሥር መሆኑን ነው። ለአዋቂ የሚሆነውን ለአራስ ሕፃን አንሞክረውም። ይህን ለሌላ ሳስተምር የኖርኩት ሴት፣ ሌንስ ላይ ስደርስ ደም ሥሩን ሳላይ መርፌ መረጥኩ። እርስዎም ለልጆችዎ ወይም ለልጅ ልጆችዎ ፎቶ ብለው ሌንስ ለመግዛት ካሰቡ፣ ወይም ውጭ ያለ ዘመድ «ምን ልላክ?» ብሎ ከጠየቀዎት፣ የእኔን ስህተት እንዳይደግሙ ይህን ጽፌያለሁ።

መጀመሪያውኑ ሌላ ሌንስ ለምን አስፈለገ?

ጡረታ ስወጣ ሜሪላንድ የሚኖረው ልጄ ካሜራ ላከልኝ። ብዙ ቤተሰብ እጅ የሚገኘው ዓይነት ነው። አብሮት የመጣው ሌንስ ከ18 እስከ 55 የሚል ቁጥር ያለበት፣ ሲያዞሩት የሚያቀርብና የሚያርቅ ዙም ነው። ግቢ ውስጥ፣ በፀሐይ፣ ቆንጆ ፎቶ ያነሳል። ማታ ሳሎን ውስጥ ልደት ሲከበር ግን ልጆቹ ይደበዝዛሉ፤ ፍላሹ ሲበራ ደግሞ ፊታቸው ነጭ፣ ከኋላቸው ያለው ሁሉ ጥቁር ይሆናል።

ምክንያቱን ለመረዳት የዓይናችንን ብሌን ማሰብ ይበቃል። ጨለማ ውስጥ ብሌናችን ሰፍቶ ብዙ ብርሃን ያስገባል፤ ፀሐይ ላይ ይጠባል። ሌንስም ውስጡ እንዲህ የሚሰፋና የሚጠብ ቀዳዳ አለው፤ አፐርቸር ይባላል። ግራ የሚያጋባው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው የሚሰፋ መሆኑ ነው። እንደ እኔ ያለው ዙም 55 ላይ ሲደርስ ቀዳዳው ከኤፍ 5.6 በላይ አይሰፋም። ዙም የሌላቸው ሌንሶች ግን፣ ዋጋቸው ዝቅ ካሉት መካከል እንኳ፣ እስከ ኤፍ 1.8 የሚሰፉ አሉ። በሁለቱ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል። ዙሙ 1/25ኛ ሰከንድ የሚፈጅበትን ፎቶ ይህኛው በ1/250ኛ ሰከንድ ይጨርሰዋል። ሳሎን ውስጥ የሚሯሯጥ ሕፃን በ1/25ኛ ሰከንድ ይደበዝዛል፤ በ1/250ኛ ግን ብዙውን ጊዜ ጥርት ብሎ ይወጣል።

ዙም የሌለውን ሌንስ ፕራይም ይሉታል። ባለ አንድ ቁጥር ነው፤ 24 ከሆነ 24፣ 50 ከሆነ 50። ማቅረብና ማራቅ ካማርዎት በእግርዎ ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር የሚወሰነው ቁጥሩን ሲመርጡ ነው። እኔ ልጄን በስልክ ጠየቅሁት። «እማ፣ ሁሉም ሰው የሚጀምረው በ50 ነው» አለኝ። ወደ ሀገር ቤት በሚመጣ ዘመድ እጅም 50 ላከልኝ።

የድሮው 50 እና የእኛ 50

«50 ግዛ» የሚለው ምክር መሠረት አለው። በፊልም ዘመን በብዛት ይሠራበት የነበረው ፊልም አንዱ ፎቶ 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነበር። በዚያ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በጣም የሰፋም በጣም የጠበበም ያልሆነ ዕይታ ይሰጣል። ብዙ የፊልም ካሜራዎችም ይሸጡ የነበረው ከ50 ሌንስ ጋር ነው። የድሮ ፎቶ አንሺዎች የሚያወድሱት ያንን 50 ነው።

አሁን የፊልሙን ቦታ የያዘው ሴንሰር ነው። ብዙዎቻችን የምንይዘው ካሜራ ሴንሰር ደግሞ ከድሮው ፊልም ያነሰ ነው፤ ክሮፕ ሴንሰር የሚባለው ይህ ነው። የእኔ ካነን 22.3 በ14.9 ሚሊ ሜትር ነው። የኒኮን፣ የሶኒና የፉጂፊልም ክሮፕ ካሜራዎች ትንሽ ይበልጣሉ፤ 23.5 በ15.6 ገደማ ናቸው።

የሳሎንዎን መስኮት ዙሪያውን በጋዜጣ ሸፍነው መሃሉን ብቻ ክፍት ይተዉት እንበል። ውጪ ያለው ዛፍ አልቀረበም፣ አልራቀም፤ እርስዎ የሚያዩት ግን ጠቧል። ትንሹ ሴንሰርም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በድሮው ፊልም ሚዛን ለማወቅ የሌንሱን ቁጥር በካነን በ1.6፣ በሌሎቹ በ1.5 ያባዙ። 24 እንደ 38 ወይም እንደ 36 ያሳያል። 35 እንደ 56 ወይም እንደ 52 ያሳያል። 50 እንደ 80 ወይም እንደ 75 ያሳያል። 80 በፊልም ዘመን የፊት ፎቶ ማንሻ ነበር። እናቴ «ለመታወቂያ ነው እንዴ?» ማለቷ ያለ ምክንያት አልነበረም።

የድሮውን 50 ዕይታ በእኛ ካሜራ የሚፈልግ ሰው 31 ወይም 33 አካባቢ ያስፈልገዋል፤ በቀላሉ ከሚገኙት ለዚህ የሚቀርበው 35 ነው። አንድ ነገር ልጨምር። «ይህ ሌንስ ለክሮፕ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ማባዛት አያስፈልገውም» የሚል ሻጭ ቢያጋጥምዎት አይቀበሉት። ለክሮፕ የተሠራውም ሆነ ለትልቁ ሴንሰር የተሠራው 35፣ በእርስዎ ካሜራ ላይ የሚያሳየው ስፋት እኩል ነው።

ሜትር ይዘው ይቁሙ

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። የልብስ ስፌት ሜትር ያውጡ። ፎቶ ስታነሱ የምትቆሙበትን ቦታና ሰው የሚቀመጥበትን ቦታ ይለኩ። ርቀቱን በሜትር ይውሰዱና በ22 ያባዙ፤ ካሜራዎ ኒኮን፣ ሶኒ ወይም ፉጂፊልም ከሆነ በ23.5 ያባዙ። ከዚያ በሌንሱ ቁጥር ያካፍሉ። የሚመጣው ውጤት ካሜራውን አግድም ሲይዙ ፎቶው ውስጥ የሚገባው ስፋት ነው፤ እሱም በሜትር።

የእኔ ሳሎን ኮንዶሚኒየም ነው። ቴሌቪዥኑን ተጠግቼ ስቆም ሶፋው ላይ እስከተቀመጠው ሰው ድረስ 2 ሜትር ተኩል አለኝ። በ50 ሌንስ የሚገባው 1 ሜትር ከ10 ሳንቲም ነው። በ35 ወደ 1 ሜትር ከ57 ይሆናል። በ24 ወደ 2 ሜትር ከ30 ይጠጋል። ባለ ሦስት ሰው ሶፋዬ ርዝመቱ 2 ሜትር ነው። በበዓል ቀን ሦስት የልጅ ልጆች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሦስቱንም የሚይዝልኝ 24 ብቻ ነው። በ50 አንዱ ሙሉውን ይገባና ሁለተኛው ትከሻው ላይ ይቆረጣል።

አዲስ የሀገር ልብስ ለብሳ የቆመች ልጅን ከራስ ፀጉሯ እስከ እግሯ ማንሳት ሲፈልጉ ደግሞ ካሜራውን ወደ ላይ አቁመው ይያዙት። ቁመቷ 1 ሜትር ከ65 ከሆነና ከላይና ከታች ትንሽ ክፍት ቦታ ከተዉ፣ በ50 ሌንስ ከ4 ሜትር በላይ መራቅ አለብዎት። በ35 ወደ 3 ሜትር፣ በ24 ወደ 2 ሜትር ይበቃል። ስንቶቻችን ነን ያለ ግድግዳና ያለ ቁምሳጥን 4 ሜትር ወደ ኋላ መሄድ የምንችል?

የእናቴን ቤት የለካሁት በኋላ ነው። ከጎታው እስከ መደቡ ያለው 1 ሜትር ተኩል ነው። በ50 የሚገባው 66 ሳንቲም ብቻ ነበር። ያን ቀን ምንም ያህል ብጣጣር የሚገኝ ፎቶ አልነበረም።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት በፕላስተር ይሞክሩ

አብሮት የመጣውን ዙም አይናቁት፤ ምርጫውን የሚያስተምረው እሱ ነው። ሌንሱ ላይ 18፣ 24፣ 35፣ 55 የሚሉ ምልክቶች አሉ። 24 ላይ ያድርጉትና እንዳይዞር በቁስል ፕላስተር ይለጥፉት። አንድ ሳምንት በዚያ ብቻ ፎቶ ያንሱ። በሚቀጥለው ሳምንት 35፣ ከዚያ 50 አካባቢ ያድርጉት። ፎቶዎቹ ቤት ውስጥ ጨለም ቢሉም አይጨነቁ፤ የሚፈልጉት «ሰዎቼ ገብተዋል ወይ?» የሚለውን መልስ ነው። መቼ መቼ ፕላስተሩን ለመላጥ እጅዎ እንደበላዎት ልብ ይበሉ።

ሁለተኛ መንገድም አለ። እስከ ዛሬ በዙሙ ያነሷቸውን ፎቶዎች ኮምፒውተር ላይ ሲከፍቱ ዝርዝር መረጃቸው ውስጥ በስንት ሚሊ ሜትር እንደተነሱ ተመዝግቧል። የሚወዷቸውን ሠላሳ ፎቶዎች መርጠው ቁጥሩን ወረቀት ላይ ይጻፉ። እኔ ይህን ሳደርግ አብዛኞቹ ከ20 እስከ 30 ባለው ውስጥ ሆነው አገኘኋቸው። መልሱ ቤቴ ተቀምጦ ሳለ እኔ ሌላ ቦታ ስጠይቅ ነበር።

ለማን የትኛው?

24 ለጠባብ ቤት፣ ለቡና ሥርዓት፣ ለሶፋ ሙሉ ልጆችና አንድ ገበታ ዙሪያ ለሚቀመጥ ቤተሰብ ነው። ሁለት ነገር ግን ይወቁ። ርካሹ 24 ብዙ ጊዜ ኤፍ 2.8 ነው፤ ከኤፍ 1.8 ጋር ሲነጻጸር የሚያስገባው ብርሃን ከግማሽ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ መስኮት ወይም መብራት ይጠጉ። ሌላው፣ ፊት ብቻ ላንሳ ብለው አፍንጫ ሥር አይድረሱ። በጣም ቀርበው ሲያነሱ አፍንጫ ይተልቃል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል። ይህ የሚመጣው ከቅርበቱ ነው፤ ከአንድ ሜትር ተኩል ጀምሮ ፊት መልኩን ይይዛል። ፎቶው ጠርዝ ላይ ያለ ሰውም ስለሚለጠጥ ወፈር ያሉ አክስት ጠርዝ ላይ ባይቀመጡ ለሰላም ይበጃል።

35 የመሃል መንገድ ነው። ኤፍ 1.8 የሆነውን ማግኘት ይቻላል፤ ምሽት ላይ መሬት ተቀምጦ የሚጫወት ልጅን፣ የቤት ሥራ የሚሠራ ተማሪን፣ እናትና አራስን አንድ ላይ ጥሩ አድርጎ ይይዛል። ሳሎንዎ ከእኔ ሰፋ ያለ ከሆነና አንድ ሌንስ ብቻ መግዛት ከቻሉ፣ በዚህ ቢጀምሩ አይቆጩም።

50ን ሳልጥለው ይዤዋለሁ። ዝም ብለው ለሚቀመጡ ሰዎች፣ ለአንድ ፊት፣ ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ርቀት፣ መስኮት አጠገብ፣ ከእሱ የሚሻል የለኝም። የአዛውንት ፊት ላይ ያለው መስመር ሁሉ ይታያል። ነገር ግን ኤፍ 1.8 ላይ ከአንድ ሜትር ተኩል ሲያነሱ ጥርት ብሎ የሚወጣው ውፍረት 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ዓይን ጠርቶ ጆሮ ይደበዝዛል። አያትና የልጅ ልጅን አንድ ላይ ሲያነሱ ሁለቱም እንዲጠሩ ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 4 ያጥቡት፤ ፊታቸውም ጎን ለጎን ይሁን።

85 ለምረቃ፣ ለሜዳ፣ ከሩቅ ለሚነሳ ሰው ነው። በእኔ ሳሎን የሚያስገባው 65 ሳንቲም ስለሆነ ቤት ውስጥ አልመክረውም።

ከውጭ ከማስላክዎ በፊት

ሌንስ እንደ ስልክ ቻርጀር ነው፤ መግጠሚያው ካልተስማማ ዋጋው ቢወደድም አይሠራም። የካነን ሌንስ ኒኮን ላይ አይገባም። የካነን የራሱም ቢሆን የድሮዎቹና መስታወት አልባ የሚባሉት አዲሶቹ መግጠሚያቸው ይለያያል። ለዘመድ ሲነግሩ የካሜራውን ስምና ሞዴል ፊት ለፊቱን በስልክ ፎቶ አንስተው ይላኩ፤ በቃል ብቻ አይናገሩ።

ካሜራዎ ከኒኮን ዲ3000ዎቹ ወይም ዲ5000ዎቹ ከሆነ፣ ለምሳሌ ዲ3200 ወይም ዲ5300፣ ውስጡ ሌንስ የሚያዞር ሞተር የለውም። በራሱ እንዲያተኩር ሞተሩ ሌንሱ ውስጥ ያለበትን፣ ኤኤፍ-ኤስ የሚል የተጻፈበትን ይጠይቁ። ሞተር የሌለው የድሮ ሌንስ ይገጥማል፤ ግን በእጅ እያዞሩ ማተኮር ሊኖርብዎት ነው፤ ለሚሮጥ ልጅ ደግሞ ያ አይሆንም።

ያገለገለ ሌንስ ሲገዙ የፊቱንም የኋላውንም ክዳን አውልቀው ወደ መብራት አቅንተው ውስጡን ይመልከቱ። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካዩ ሻጋታ ነውና ይተዉት። ክረምት ላይ የራስዎንም በእርጥብ ቦርሳ ወይም ቁምሳጥን ውስጥ አይዝጉበት፤ በደንብ በሚከደን ዕቃ ውስጥ፣ ከአዲስ ጫማና ቦርሳ ጋር ከሚመጡት እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጋር ያስቀምጡት።

በገና

እኔ በመጨረሻ ያገለገለ 24 ገዛሁ። ለገና ወደ እናቴ ቤት ስንሄድ ካሜራዬ ላይ የገጠምኩት እሱን ነው። የልጅ ልጄ ሁለት ዓመት አልፏታል። አሁን ጭን ላይ አትቀመጥም፤ አንድ ቦታ መቆምም አይሆንላትም። የአደይ አበባ ጊዜም አልፏል። ያ የእንቁጣጣሽ ፎቶ ተመልሶ እንደማይመጣ አውቄ ነው የሄድኩት።

ጎታውን ተደግፌ ቆምኩ። ልጅቷ ከውጪ እየሮጠች ገብታ የእናቴ ጉልበት ላይ ተደገፈች። እናቴ ከድፎ ዳቦው ቆርሳ ሰጠቻት፤ ልጅቷ ደግሞ ከዚያው ላይ ቆርሳ መልሳ አጎረሰቻት። ሁለት ጊዜ ተጫንኩት። ወደ ኋላ መሄድ አላስፈለገኝም።

ፎቶውን አሳጥቤ ወሰድኩላት። እናቴ ወደ በሩ ብርሃን አስጠግታ ብዙ አየችው። ስለ ፊቷ ምንም አላለችም። ጣቷን እያንቀሳቀሰች፣ «መሶቤ አለ። መስኮቴ አለ» አለች። ቀጥላ ጣቷ ግድግዳው ላይ ቆመ። «የአባትሽም ከዘራ አለ።»

አባቴ ካረፈ ዓመታት አልፈዋል። ከዘራው እዚያው ሚስማር ላይ እንደተሰቀለ ነው። እኔ ሳነሳው አላየሁትም ነበር፤ ሌንሱ ግን አስገብቶት ነበር።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሻጭ ከመጠየቅዎ በፊት ሜትር ይዘው ሳሎንዎ ውስጥ ይቁሙ። ሰዎችዎ የት እንደሚቀመጡ፣ እርስዎ ምን ያህል ወደ ኋላ መሄድ እንደሚችሉ ይለኩ። አረጋዊ እናት ወይም አባት ካለዎት ደግሞ የእነሱን ቤት አስቀድመው ይለኩ፤ የሚቀጥለውን በዓል አይጠብቁ።